ሥራዬ ያለበት ዲስክ ላይ ቤታ አይገባም

በየዓመቱ ጁን ሲገባ የሚዘፍኑ፣ ቢት የሚሠሩና ፖድካስት የሚቀዱ ጓደኞቼ ያንኑ ጥያቄ ይልኩልኛል። «አዲሱ ቤታ ወጥቷል አሉ፤ ልጫነው ወይስ ይቅርብኝ? ሎጂክ ይሠራበታል? ኪዩቤዝስ?» ቤታ የሚሉት ሙሉው ስሪት ሳይወጣ ለሙከራ የሚለቀቀውን የኮምፒውተር ሲስተም ነው፤ ሎጂክና ኪዩቤዝ ደግሞ መቅጃ ሶፍትዌሮች ናቸው። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። ጫኑት። ሥራችሁ ያለበት ዲስክ ላይ ግን በፍጹም። ስትጭኑት ደግሞ ምን ልታዩበት እንደሆነ አስቀድማችሁ ዕወቁ። ይህን በቁርጥራጭ መልእክት ማስረዳት ስለሚያስቸግር እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም። ሥራዬ ድምፅ መቅዳት ነው። የሰው ድምፅ፣ ጊታር፣ አንዳንዴም አነስ ያለ ኳየር። የሙከራ ስሪት የምጭነው አዲስ ነገር ከሰው ቀድሜ ለማየት ብዬ አይደለም። የመስኮቱ ቅርጽ ተቀየረ አልተቀየረ ለኔ ሥራ ለውጥ የለውም። የምፈልገው ሙሉው ስሪት ሲወጣ ማይኬን፣ ኢንተርፌሴን (ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን ሣጥን) እና ፕለጊኖቼን (መቅጃው ውስጥ ገብተው ድምፅ የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) ምን እንደሚገጥማቸው በጊዜ ማወቅ ነው። የተበላሸ ነገር ካለም ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ገና ሊስተካከል በሚችልበት ሰዓት ለሠሪዎቹ መንገር እፈልጋለሁ። ሴፕቴምበር ላይ የሚያማርር ሰው ሞልቷል። ጁላይ ላይ በደንብ አይቶ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ያ ሰው ደግሞ ቀጂ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም እኛ የምናየውን ብልሽት ሌላ ሰው ጭራሽ አያየውም።

ለምን መሰላችሁ? ብሮውዘር ለ20 ሚሊሰከንድ ቢቆም ማንም ልብ አይለውም። ኢሜይል ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ ምንም አይጎድልበትም። ድምፅ ግን ቀጠሮ አለው። በሰከንድ 48,000 ሳምፕል (የድምፅ ነጥብ)፣ በፈሩን (ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚቀበለውን የሳምፕል ብዛት) ደግሞ 128 ላይ አድርጌ ስቀዳ ኮምፒውተሩ የሚያገኘው ጊዜ 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት ከኢንተርፌሱ የመጣውን ያነባል፣ በየትራኩ ያሉትን ፕለጊኖች ሁሉ ያስኬዳል፣ የወጣውን ወደ ሄድፎን ይልካል። ወዲያው ሌላ 2.7 ይከተላል። ከእነዚህ አንዷ ካመለጠችው «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሙዚቃ እያዳመጣችሁ ከሆነ አለፈ በቃ። እየቀዳችሁ ከሆነ ግን ጠቅታው ፋይሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ዘፋኟ ከልቧ ባወጣችው ቴክ (የአንድ ጊዜ ቀረጻ) ላይ ከገባ ደግሞ፣ ያንን ስሜት እንደገና አምጪ ልትሏት ነው። ይህን መጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብድ የቀዳ ሰው ያውቀዋል።

ቤታ ይህችን ቀጠሮ የሚያበላሽበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ በጣም ቀላል ስለሆነ አስቀድሜ ልንገራችሁ። አዲስ ሲስተም ተጭኖ ገና የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ከኋላ ሥራ ይበዛበታል። የፍለጋውን ማውጫ እንደ አዲስ ያዘጋጃል፣ ፎቶ ይመረምራል፣ ፋይል ያመሳስላል። በተጨማሪም የሙከራ ስሪቶች ስህተት ለመከታተል ሲሉ ከሙሉው ስሪት የበዛ መዝገብ ሊጽፉ ይችላሉ። ስለዚህ በጫናችሁበት ሰዓት ሎጂክን ከፍታችሁ «ይሄ ነገር ከብዶታል» ብላችሁ አትፍረዱ። ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ሲረጋጋ ያኔ ፈትኑት።

ሁለተኛው መንገድ ከበድ ይላል። የምንቀዳበት ነገር አንድ ፕሮግራም ይመስለናል እንጂ አንድ አይደለም። መቅጃው ሶፍትዌር የአንድ ኩባንያ ነው። ውስጡ ያሉት ፕለጊኖች የሌሎች ናቸው። የፕለጊኖቹን ላይሰንስ የሚቆጣጠረው ሌላ ፕሮግራም አለ። ኢንተርፌሱ ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው የራሱ ድራይቨርና ሣጥኑ ውስጥ ያለ የራሱ ፕሮግራም (ፈርምዌር) አለው። ሲስተሙ አንድ ሕግ ሲቀይር ሁሉም በየፊናቸው መስተካከል አለባቸው። አንዱ ዘገየ ማለት ቀረጻው ቆመ ማለት ነው።

እስቲ ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ እንሂድ፤ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። 2018 ላይ የወጣው የአፕል ኮምፒውተሮች ሲስተም ማክኦኤስ ሞሃቪ ማይክ መጠቀም የሚፈልግ ፕሮግራም ሁሉ ፈቃድ እንዲጠይቅ አደረገ። ተገቢ ነገር ነው። ነገር ግን ፈቃዱ ሳይሰጥ ሲቀር ሶፍትዌሩ እንደ ወትሮው የሚቀዳ ይመስላል። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ፋይሉ ይፈጠራል፣ ውስጡ ግን ምንም ድምፅ የለም። 2019 ላይ ካታሊና መጣና ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ጨርሶ አስቀረ። ሠሪያቸው ሥራ ያቆመ፣ ግን ብዙ ሰው የሚወዳቸው የድሮ ፕለጊኖች እዚያው ቀሩ። በነሱ የተሠራ ፕሮጀክት ሲከፈት ትራኩ አለ፣ ኖታው አለ፣ ድምፁ የለም። አፕል ይህ እንደሚመጣ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ያም ሆኖ ብዙ ሰው ነገሩን ያወቀው አፕዴቱን ከጫነ በኋላ ነው።

2020 ላይ ቢግ ሰር ወጣ፤ ኤምዋን ፕሮሰሰርም አብሮት መጣ። የሲስተሙ እምብርት ውስጥ ገብተው የሚሠሩ ድራይቨሮች በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ እንዲህ በቀላሉ አይገቡም። ማሽኑን አጥፍታችሁ፣ ሪከቨሪ ውስጥ ገብታችሁ፣ የጥበቃውን ደረጃ ዝቅ ማድረግ አለባችሁ። የኢንተርፌስ ሠሪዎች ድራይቨራቸውን በሌላ መንገድ እንዲጽፉ የተገደዱበት ጊዜ ነው።

ትልቁ የስሪት ለውጥ ብቻ አይደለም የሚያስፈራው። ማርች 2024 ላይ ሶኖማ 14.4 ወጣ። በስም ትንሽ አፕዴት ነው። ግን የኮፒ መከላከያ ያላቸው የኦዲዮ ዩኒት (የአፕል ዓይነት) ፕለጊኖች ለአንዳንድ ሰዎች አልከፈት አሉ። ወሩ ሳያልቅ 14.4.1 ተለቀቀና ይህንኑ ማስተካከሉ በማስታወሻው ላይ ተጻፈ። እኔ የነጥብ ስሪቶችን ቤታ እንደ ትልቁ ስሪት ቤታ አክብጄ የማየው ለዚህ ነው። ሰው «ትንሽ አፕዴት ናት» ብሎ ሥራ መሀል የሚጭነው እነዚህን ነው።

የቅርብ ጊዜውን ደግሞ እንውሰድ። በ2025 የማክኦኤስ 26 ቤታ ሲወጣ ፋየርዋየር የሚባለው የድሮ የኬብል ማገናኛ የለም። ከዚያ በፊት የነበረው ሴኮያ ግን ይደግፈው ነበር። ፋየርዋየር የድሮ ነው ትሉ ይሆናል። ሆኖም በሱ የሚሠሩ ኢንተርፌሶች ብዙዎቹ ዛሬም ጤነኛ ናቸው። ፕሪአምፓቸው ደህና ነው፣ ድምፃቸው ንጹህ ነው፣ በየስቱዲዮው ተሰክተው ይሠራሉ። ጁን ላይ ቤታውን በሌላ ዲስክ የሞከረ ሰው ነገሩን ሴፕቴምበር ሳይደርስ አየው። እዚያው ሴኮያ ላይ ልቆይ ወይስ ኢንተርፌስ ልቀይር ብሎ ለማሰብ ሙሉ ክረምት ነበረው። ሌላው ግን አንድ ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ ኢንተርፌሱ ከዝርዝሩ ጠፍቶ አገኘው።

ዊንዶውስ ላይ ያላችሁም ከዚህ አታመልጡም። የኢንሳይደር ፕሮግራሙ ከ2014 ጀምሮ አለ፤ ዛሬ በየቻናሉ ተከፋፍሏል። ካናሪ የሚባለው ገና ትኩስ ነገር የሚወጣበት ነው። ከሱ ለመውጣት ዊንዶውስን ከባዶ መጫን ግድ ነው። ሪሊዝ ፕሪቪው የሚባለው ደግሞ ሊለቀቅ የተቃረበ ስለሆነ ለስለስ ይላል። ለቀጂ ሰው የምመክረው የመጨረሻውን ነው፤ ካናሪን የምታዩበት የተለየ ምክንያት ከሌላችሁ በስተቀር።

አንዳንዴ ግን ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት የሚዲን (ኪቦርድና ኮምፒውተር ኖታ የሚለዋወጡበትን ቋንቋ) ሥርዓት እንደ አዲስ ጽፎ ዊንዶውስ ሚዲ ሰርቪስስ በሚል ስም መጀመሪያ ያሳየው ለኢንሳይደሮች ነበር። ሚዲ የተወለደው በ1983 ነው። ሚዲ 2.0 የጸደቀው በ2020 ነው። አዲሱ ሥርዓት ይህን 2.0 ይዞ ይመጣል፤ ለኔ ግን የበለጠው ሌላ ነው። አንድ ኪቦርድ ለሁለት ፕሮግራም በአንድ ጊዜ መሥራት ይችላል። ዊንዶውስ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ይህችን ነገር ስንት ዓመት እንደጠበቋት አውቃለሁ። በድሮው ሥርዓት መቅጃውን ከፍታችሁ ኪቦርዱን ከያዘው፣ ሌላው ፕሮግራም «መሣሪያው ተይዟል» ይላችሁ ነበር። አንዱን ስትዘጉት ነው ሌላው የሚነሳው። ያኔ ይህን ለመገላገል ካናሪን ሁለተኛ ዲስክ ላይ የጫነ ሰው ካለ እኔ አልፈርድበትም።

ዊንዶውስ ላይ ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ብዙዎቻችን የምንቀዳው በአዚዮ ድራይቨር ነው፤ ስታይንበርግ በዘጠናዎቹ ያወጣው ነው። አዚዮ ከሲስተሙ ሚክሰር ጎን ያልፋል እንጂ ከሲስተሙ ማምለጥ አይችልም። የዋይፋይ ወይም የግራፊክስ ድራይቨር ፕሮሰሰሩን ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይዞ ካቆየ ድምፁ ይቆራረጣል። ቤታ ደግሞ እነዚህን ድራይቨሮች ሳይነግራችሁ ሊቀይር ይችላል። ሌተንሲሞን የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከመጫናችሁ በፊትና ከጫናችሁ በኋላ አስኪዱት። ጥፋተኛውን ድራይቨር በስሙ ያሳያችኋል። ኢንተርፌሳችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ይህን እዩ።

ሊኑክስን በአጭሩ ልለፈው፤ ምክንያቱም እዚያ ያሉ ሰዎች መሞከር ለምደዋል። ኖቬምበር 2024 የወጣው ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 6.12 ለዓመታት ለብቻው እንደ ጥገኛ ሲኖር የነበረውን የሪልታይም ሥራ፣ ማለትም ሥራን በቀጠሮው ሰዓት የማድረስ ብቃት፣ ዋናው ውስጥ አስገብቶታል። ለድምፅ ትልቅ ዜና ነው። ደግሞም የሊኑክስ ጥሩ ነገር አዲሱ ከርነል ካስቸገራችሁ ሪስታርት አድርጋችሁ ከመነሻው ዝርዝር የቀድሞውን መምረጥ ትችላላችሁ። ማክም ዊንዶውስም ይህን ያህል ቀላል መመለሻ የላቸውም።

አሁን ወደ አጫጫኑ። ቤታው የራሱ ዲስክ ይኑረው። እኔ በኤክስተርናል ኤስኤስዲ ላይ ነው የምጭነው። ማክ ላይ እዚያው ውስጠኛው ዲስክ ላይ ሌላ ቮልዩም መጨመርም ይቻላል። እኔ ግን አልወደውም። በአንድ ዲስክ ላይ ሲሆኑ ሰው ይዘናጋል፤ ፋይሉም ይቀላቀላል። ኤክስተርናሉን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ስከተው ቤታው የለም፤ ነገሩ አለቀ።

ፕሮጀክቶችን በሚመለከት ሕጌ ጥብቅ ነው። ቤታው ላይ የሚከፈተው ኮፒ ብቻ ነው። ዋናው ፋይል ያለበት ዲስክ ቤታ ስከፍት አብሮ አይሰካም። የመቅጃ ሶፍትዌሮች አዲስ ስሪታቸው ላይ ሴቭ ያደረጋችሁትን ፕሮጀክት የቀድሞው ስሪት ብዙ ጊዜ አይከፍተውም። ፕለጊኖችም እንዲሁ ናቸው፤ አዲሱ ስሪት ያስቀመጠውን የድሮው ላያነበው ይችላል። አንዴ «ሴቭ» ብላችሁ ከነካችሁት መመለሻ የለም። ከክላውድ ጋር የተያያዘ የፕሮጀክት ፎልደር ካላችሁ ደግሞ ቤታው ላይ አታገናኙት። እናንተ ኮፒ ነው ብላችሁ የነካችሁት ፋይል ዋናው ማሽን ላይ ተቀይሮ ይጠብቃችኋል።

ባክአፑስ? ከመጫናችሁ በፊት ሙሉ ባክአፕ አድርጉና ዲስኩን ንቀሉት። ቤታ ውስጥ ሆናችሁ በታይም ማሽን (የማክ የራሱ ባክአፕ መሥሪያ) የሠራችሁት ባክአፕ ወደ ቀድሞው ስሪት ላይመለስ ይችላል። ማክ ላይ ከቤታ መውጣት ማለት ብዙውን ጊዜ ማጥፋትና እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ሥራችሁ ያለበት ዲስክ ላይ ጭናችሁት ከሆነ፣ የምታጠፉት ሥራችሁ ያለበትን ዲስክ ነው።

ላይሰንስ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው። አንዳንድ ፕለጊኖች ፈቃዳቸውን የሚያስሩት ከማሽኑ ጋር ነው፤ ሌላ ዲስክ ላይ ያለን ሲስተም እንደ ሌላ ኮምፒውተር ይቆጥሩታል። የተፈቀደላችሁ ለሁለት ማሽን ከሆነ ቤታው አንዱን ይበላል። ዲስኩን ከማጥፋታችሁ በፊት ላይሰንሱን አውጡት፤ አለበለዚያ ተቆጥሮባችሁ ይቀራል። በዩኤስቢ ቁልፍ የሚሠሩት እዚህ ላይ ይሻላሉ፤ ቁልፉ ወደ ሄደበት ፈቃዱም ይሄዳል።

እንግዲህ ተጭኖ አደረ፣ ተረጋጋ እንበል። «ሶፍትዌሩ ተከፈተ፣ ይሠራል» ማለት የመጀመሪያው ስህተት ነው። መከፈትና መቅዳት ለየቅል ናቸው። እኔ መጀመሪያ የማደርገው ኬብል መሰካት ነው። ከኢንተርፌሱ ሦስተኛ መውጫ ወደ ሦስተኛ መግቢያ፣ አንድ አጭር ኬብል። ከዚያ አንድ ትራክ ላይ አጭር ጠቅታ አስቀምጣለሁ። እሱ በኬብሉ ወጥቶ ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ትራክ ላይ እቀዳዋለሁ። ቀጥሎ ሁለቱን ሞገዶች እያንዳንዱ ሳምፕል ነጥብ ሆኖ እስኪታይ ድረስ አቀርባቸዋለሁ። ጤነኛ ሲስተም ላይ የተቀዳው ጠቅታ ከዋናው ጋር ይገጥማል፤ ቢበዛ በጣት በሚቆጠሩ ሳምፕሎች ይለያያል። ሶፍትዌሩ የመዘግየቱን መጠን ከድራይቨሩ ጠይቆ ቀረጻውን ወደ ኋላ ስለሚስበው ነው።

አንድ ቤታ ላይ ይህንኑ ሳደርግ የተቀዳው ጠቅታ በትክክል 128 ሳምፕል ዘግይቶ ተቀምጧል። በፈሬ 128 ነበር። ነገሩ ስላጠራጠረኝ በፈሩን 256 አደረግኩት፤ መዘግየቱም 256 ሆነ። ወደ 64 ዝቅ ሳደርገው 64። አሁን ነገሩ ገባኝ። ሰንሰለቱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ አንድ ተጨማሪ በፈር ገብቷል፤ ያስገባው ክፍል ግን ለመቅጃው ሶፍትዌር አልነገረውም። ሌላ መቅጃ ሶፍትዌር ከፍቼ ሞከርኩ፤ ውጤቱ ያው ነው። የሲስተሙን የራሱን ድራይቨር የሚጠቀም ሌላ ኢንተርፌስ ሰካሁ፤ እሱ ልክ ሆነ። ስለዚህ መቅጃው ነጻ ነው፤ ችግሩ ያለው በዚያ ኢንተርፌስ ድራይቨርና በአዲሱ ሲስተም መካከል ነው።

«2.7 ሚሊሰከንድ ምን ያደርጋል?» ትሉኝ ይሆናል። ብቻውን ስትሰሙት ምንም። ግን የተቀዳ ጊታር ወደ አምፕ ልካችሁ፣ በማይክ መልሳችሁ ቀድታችሁ፣ ከዋናው ጋር ስትቀላቅሉት ሁለቱ ይጣላሉ። ልዩነታቸው 2.7 ሚሊሰከንድ ከሆነ 187 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ይጠፋፋል፤ ከዚያም ወደ ላይ በየደረጃው እንዲሁ። የጊታሩ ሆድ ይጎድላል። እናንተም «ማይኩ ነው፣ አቀማመጡ ነው» እያላችሁ ስትደክሙ ትውላላችሁ። በፈሩን 512 ላይ አድርጎ የሚቀዳ ደግሞ ዘፋኙ ከቢቱ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ወደ ኋላ የቀረ ይመስለዋል። ዘፋኙ ግን ልክ ነው የዘፈነው። ይህ ነው የሚቆረቁረኝ። በማሽን ጥፋት «ታይሚንግህ ልክ አይደለም» የሚባል ሰው ይኖራል።

ይህን ብልሽት በየቀኑ ቤታ የሚጠቀም ተራ ሰው አያገኘውም። ፊልም ያያል፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ ቪዲዮ ኮል ያደርጋል፤ ሁሉም ደህና ነው። የሚያገኘው ኬብል ሰክቶ የሚለካ ሰው ነው።

ከዚህ ፈተና በኋላ የማየው ብዙ ነው። ብዙ ትራክ ከፍቼ ረጅም ሰዓት ሳላቋርጥ እቀዳለሁ፤ አንዳንድ ብልሽት የሚመጣው ከቆየ በኋላ ነው። ኢንተርፌሱን እየሠራ ነቅዬ እመልሰዋለሁ። ማሽኑን አስተኝቼ አስነሳዋለሁ። ሳምፕል ሬቱን (በሰከንድ ያለውን የሳምፕል ብዛት) ከ44.1 ወደ 48 ሺህ እቀይራለሁ። የድሮ ፕሮጀክት ኮፒ ከፍቼ ባውንስ አደርግና (ሙሉውን ወደ አንድ የድምፅ ፋይል አወጣና) በዋናው ሲስተም ከተሠራው ባውንስ ጋር የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጬ አብሬ አጫውታቸዋለሁ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ሙሉ ጸጥታ ነው። የሆነ ነገር ከተሰማ ልዩነቱ እሱ ነው። እርግጥ በየጊዜው የሚለዋወጥ ኮረስ ወይም ሪቨርብ (የማስተጋባት ውጤት) ያለበት ፕሮጀክት እንዲህ ጸጥ አይልም፤ ለዚህ ፈተና እነሱን የሌለበት እመርጣለሁ።

ከዚያ ሪፖርት። ለማክ ፊድባክ አሲስታንት አለ፤ ለዊንዶውስ ፊድባክ ሃብ አለ። ለድራይቨሩ ሠሪም ለብቻው እጽፋለሁ። «አይሠራም» ብቻ ብሎ መጻፍ ማንንም አይረዳም። የቤታውን ቢልድ ቁጥር፣ የድራይቨሩንና የፈርምዌሩን ስሪት፣ ሳምፕል ሬቱን፣ በፈሩን እጽፋለሁ። ምን እንዳደረግኩ፣ ምን መሆን እንደነበረበትና ምን እንደሆነ በአጭሩ። ካለ የክራሽ መዝገቡን፣ ከሱም ጋር ምንም ባዕድ ፕለጊን የሌለበት ባለ ሁለት ትራክ ፕሮጀክት አያይዛለሁ። በፈሩ ሲቀየር መዘግየቱም አብሮ እንደሚቀየር ለድራይቨሩ ሠሪዎች ስጽፍላቸው መልሳቸው ፈጣን ነበር። ቀጥሎ ባወጡት የሙከራ ድራይቨር ላይ ተስተካክሎ መጣ፤ ጠቅታዎቹም ገጠሙ። ደስታዬ ቀላል አልነበረም።

ስለ ፕለጊን ሠሪዎች አንድ ነገር ልበል። የምንወዳቸው ፕለጊኖች ብዙዎቹ የአንድ ወይም የሁለት ሰው ሥራ ናቸው። ቤታው ለነሱም የሚደርሳቸው ለሌላው ዴቨሎፐር በሚለቀቅበት ቀን ነው፤ ቀድሞ የሚነግራቸው የለም። ቤታ ላይ ክራሽ አደረገ ብሎ ሕዝብ ፊት መስደብ ነውር ነው። በግል ጻፉላቸው፤ መዝገቡን ላኩላቸው፤ ጊዜ ስጧቸው። እነዚህ ሰዎች ሲደክማቸው ፕለጊኑም ይሞታል።

ለኳየር ቀረጻ የሚዘጋጅ አንድ ጓደኛዬ ቀረጻው ሳምንት ሲቀረው «አንተ፣ በላፕቶፔ ላይ ብጭነውስ? ብዙም አይከፋም ይላሉ» አለኝ። «ስማኝ፣ ሰዎቹ የሚመጡት አንድ ቀን ነው፤ ያን ቀን ላፕቶፕህን እንደ ማይክ ስታንድ ቁጠረው፤ የቆመ ነገር አይነካም» አልኩት። ተወው። ቀረጻውን በድሮው ሲስተም በሰላም ጨረሰ፤ ቤታውን ከዚያ በኋላ ሌላ ዲስክ ላይ አብረን ጫንነው። ሥራ የተያዘለት ቀን ካለ፣ በፊቱ ባሉት ቀናት ቤታ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ስሪትም አይጫንም። አውቶማቲክ አፕዴቱም ይጠፋል።

ሙሉው ስሪት ሲወጣም እኔ ወዲያው አልገባም። ኢንተርፌሴን የሠራው ኩባንያ «ይደገፋል» ብሎ በግልጽ እስኪጽፍ፣ ፕለጊኖቼ እስኪስተካከሉ፣ የመጀመሪያው የነጥብ ስሪትም እስኪወጣ እቆያለሁ። የኬብሉን ፈተና በሙሉው ስሪት ላይ እደግመዋለሁ፤ የመጨረሻው ቤታ ላይ ልክ የነበረ ነገር ሙሉው ላይ ልክ መሆኑን ማየት አለብኝ።

ዋናውን ዲስክ ከመንካቴ በፊት የማደርገው ሥራ አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም አልዘለውም። ያለቁ ፕሮጀክቶቼን አንድ በአንድ እከፍትና እያንዳንዱን ትራክ ከመነሻው ጀምሮ ወደ ዋቭ ፋይል አወጣዋለሁ። አንዱን ከነፕለጊኑ፣ አንዱን ያለ ፕለጊን። የሚዲ ትራኮችን ለብቻ አወጣለሁ። የዘፈኑን ፍጥነትና ሳምፕል ሬት፣ የተጠቀምኩባቸውን ፕለጊኖች ስምና ስሪት በአንድ የጽሑፍ ፋይል እጽፍና እዚያው ፎልደር ውስጥ አስቀምጣለሁ። አንድ ፕለጊን ነገ ባይከፈትም ዋቩ ይከፈታል። የድሮውን ሲስተም ሙሉ ኮፒ የያዘውን ዲስክ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሙሉ አልበም በአዲሱ ላይ ጀምሬ እስክጨርስ ድረስ አልሰርዘውም።